ኪውቢትቶረንት፦ ፋይሉን ይጠብቃል፣ ባለቤቱን ግን አይሸሽግም

የትኛውን የቶረንት ፕሮግራም (ሰዎች ትልልቅ ፋይሎችን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚቀባበሉበትን) ልጫን ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ኪውቢትቶረንት። ማስታወቂያ የለውም፣ ተደብቆ አብሮት የሚገባ ሌላ ፕሮግራም የለም፣ ኮዱን ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ክሪስቶፍ ዱሜዝ በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጀመረውን ሥራ ዛሬ በጎ ፈቃደኞች ይዘውት ቀጥለዋል። እንጀራዬ የኮምፒውተር ጥገናና ኔትወርክ ስለሆነ የሊኑክስ መጫኛዎችን ዘወትር በቶረንት አወርዳለሁ፤ ካወረድኩም በኋላ ለሌሎች እንዲዳረስ ክፍት አድርጌ እተወዋለሁ። ዴቢያንን የመሰሉ ትልልቅ የሊኑክስ ስርጭቶች ራሳቸው ቶረንት ያወጣሉ፤ ሰርቨራቸው ላይ የሚወድቀውን ጫና ስለሚያቀልላቸው ይወዱታል። ስለዚህ ይህ ፕሮግራም ከማያ ገጼ ጠፍቶ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም።

ምስጋናውን በዚህ ላሳጥረው። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ቅሬታ ነው፤ ቅሬታውም ከፕሮግራሙ ይልቅ ፕሮግራሙ በተዘረጋበት ኔትወርክ ላይ ይበረታል። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ጥሩ ፕሮግራም ስለጫነ ብቻ የተጠበቀ ይመስለዋልና።

ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ላወዳድረው ካልኩ ዩቶረንትን ሳላነሳ አላልፍም። በአንድ ወቅት ቀላልና ፈጣን ነበር፤ ሁላችንም የተጠቀምንበት ነው። ከጊዜ በኋላ ማስታወቂያ እየበዛበት ሄደ፤ በ2015 ደግሞ ኤፒክ ስኬል የተባለ የዲጂታል ገንዘብ ማመንጫ ፕሮግራም ከመጫኛው ጋር መምጣት ጀመረ። ተጠቃሚዎች ሳናውቀው ተጫነብን ብለው ጮኹ፤ ኩባንያው ያለ ፈቃድ የሚጫን ነገር የለም ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ግን ከመጫኛው አወጣው። እኔ ከዚያ ወዲህ ተመልሼ አላየሁትም።

አሁን ወደ ኪውቢትቶረንት። ፕሮግራሙን ክፈቱ፣ በመውረድ ላይ ያለ አንድ ፋይል ምረጡ፣ ከታች ከተደረደሩት ገጾች መካከል የተጋሪዎቹን፣ ማለትም ፋይሉን ከእናንተ ጋር የሚቀባበሉትን ሰዎች፣ ዝርዝር የያዘውን ተጫኑ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ መጀመሪያ የአንድ አገር ትንሽ ባንዲራ ይታያል፤ ቀጥሎ ሙሉ የአይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት ላይ አንድን ግንኙነት የሚለየው ቁጥር)፣ የፖርት ቁጥር፣ ሰውየው የሚጠቀምበት ፕሮግራም ስምና የእትሙ ቁጥር፣ ከፋይሉ ስንት በመቶ እንዳገኘ፣ በምን ፍጥነት እየላከና እየተቀበለ እንደሆነ። መስመሩን በቀኝ አዝራር ብትጫኑ አድራሻውን መቅዳት ትችላላችሁ። ይህን ለማየት ጠላፊ መሆን አያስፈልግም፤ ለማንም የተከፈተ ዝርዝር ነው። እናንተ የእነርሱን እንደምታዩ ሁሉ እነርሱም የእናንተን ያያሉ።

ይህ ጉድለት የፕሮግራሙ አይደለም፤ የቶረንት ፕሮግራሞች ሁሉ የሚከተሉት ቢትቶረንት የተባለው ስልት የሚሠራው እንዲሁ ነው። ብራም ኮኸን በ2001 ሲፈጥረው የፈለገው አንድን ትልቅ ፋይል ብዙ ሰው ተረዳድቶ በፍጥነት እንዲያዳርሰው ነበር። ሰዎች ቁራጭ በቁራጭ እንዲቀባበሉ ደግሞ አንዱ የሌላውን አድራሻ ማወቅ አለበት። ስለዚህ አንድን ቶረንት መከታተል የሚፈልግ ማንኛውም አካል የሚጠበቅበት ነገር ቢኖር ራሱን እንደ አንድ ተጋሪ አድርጎ መግባት ብቻ ነው። የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ይህን አጥንተው፣ በጣም ተፈላጊ የሆነ ፋይል የሚያወርድ ሰው አድራሻ በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተጋሪዎችን በሚከታተሉ አካላት መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር አሳይተዋል። ሦስት ሰዓት! አንዳንዱ ፋይል ወርዶ ሳያልቅ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የፕሮግራሙ ሁለት ቅንብሮች ሰውን ያሳስታሉ ብዬ አምናለሁ። አንደኛው የምስጠራ ቅንብር ነው። ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ መፍቀድ፣ ማስገደድ፣ መከልከል። ሰው ‹‹ማስገደድ›› የሚለውን መርጦ ሲያበቃ አሁን ማንም አያየኝም ብሎ ያርፋል። ይህ ምስጠራ ግን የተሠራው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶች የቶረንት ትራፊክን ለይተው እንዳያዘገዩት ለማድረግ ነበር። ችግሩ የእውነት ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ኮምካስት በ2007 የደንበኞቹን የቶረንት ግንኙነት በሐሰተኛ የማቋረጫ መልእክት ሲያቋርጥ ተደርሶበት፣ በ2008 የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ወቅሶታል። መልእክቱን የሚመሰጥረው አርሲ4 የሚባል ያረጀ ስልት ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምስጠራው የሚደረገው ከማይታወቅ ተጋሪ ጋር ነው። የሚከታተላችሁ አካል ራሱ ተጋሪ ሆኖ ከገባ እናንተው በሚስጥር ታወሩታላችሁ።

ሁለተኛው ‹‹ስም የለሽ ሁነታ›› የሚባለው ነው። ፕሮግራሙ የራሱን ስምና እትም ለሌሎች እንዳይናገር ያደርጋል፤ ሌሎች ጥቂት መለያዎችንም ይቀንሳል። የአይፒ አድራሻን ግን አይደብቅም፤ ሊደብቅም አይችልም። ለዚህ ቅንብር ያን የሚያህል ስም መስጠት ከልክ ያለፈ ተስፋ መስጠት ነው። የተጠቃሚን አድራሻ የሚሸሽገውን ቶር የተባለ ኔትወርክ በመካከል አስገብቶ መደበቅም መፍትሔ አልሆነም። የቶር ፕሮጀክት ራሱ በ2010 ቢትቶረንትን በቶር ላይ ማስኬድ ጥሩ ሐሳብ አይደለም ብሎ አስጠንቅቋል። የፈረንሳዩ የኮምፒውተር ምርምር ተቋም የኢንሪያ ተመራማሪዎች የሚገኙበት ቡድንም የቶረንት ፕሮግራሞች በራሳቸው መልእክት ውስጥ እውነተኛውን አድራሻ ሲያሾልኩ ተመልክቶ፣ በ23 ቀናት 10,000 የሚሆኑ የቶር ተጠቃሚዎችን አድራሻ ለይቷል።

ይህ የኔትወርኩ ደካማ ጎን ነው። ጠንካራ ጎኑ ደግሞ የፋይሉ ሙሉነት ነው፤ እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። የቶረንት ፋይል ወይም የማግኔት ማገናኛ (ቶረንቱን የሚጠቁም አጭር አድራሻ) ሲሠራ እያንዳንዱ ቁራጭ ከይዘቱ የሚሰላ ዲጂታል አሻራ ይወጣለታል። አንድ ተጋሪ ያበላሸውን ቁራጭ ቢልክ አሻራው ስለማይገጥም ፕሮግራሙ ይጥለዋል፣ ከሌላ ሰው እንደገና ይጠይቃል፣ አበላሽ ሆኖ የተገኘውንም ያግደዋል። ይህን ጥቅም ለማድነቅ ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስ ይበቃል። ካዛ የተባለው የፋይል መጋሪያ ፕሮግራም በገነነበት ዘመን ፋይልን ለመለየት ይጠቅም የነበረው አሻራ ሙሉውን ፋይል አይመረምርም ነበር፤ ለፍጥነት ሲባል በመካከል እየዘለለ 300 ኪሎባይት የሚሆኑ ቁራጮችን ብቻ ነበር የሚያየው። ያልታዩት ክፍሎች በቆሻሻ ሊሞሉ ይችሉ ነበር፤ የሙዚቃና የፊልም ባለመብቶች የቀጠሯቸው ድርጅቶችም ኔትወርኩን ሆን ብለው በተበላሹ ፋይሎች አጥለቅልቀውታል። ግማሽ ቀን ጠብቆ የሚንጫጫ ድምፅ ያገኘ የዚያ ዘመን ሰው የምለው ይገባዋል።

በቢትቶረንት ላይ የዋለው አሻራ ሻ-1 በሚባል ስልት የሚሰላ ነበር። በየካቲት 2017 ጉግልና የአምስተርዳሙ የሒሳብና የኮምፒውተር ጥናት ማእከል ይዘታቸው የተለያየ፣ ሻ-1 አሻራቸው ግን አንድ የሆነ ሁለት ፒዲኤፍ ሠርተው አወጡ። ያኔ ቶረንት አለቀለት ያሉ ነበሩ፤ አላለቀለትም። ሁለቱን ፋይሎች ከመነሻው አስመሳስሎ የሚሠራቸው አንድ ሰው መሆን ስላለበት፣ ቀድሞ የወጣን የታመነ ቶረንት አሻራ አስመስሎ ሌላ ይዘት ማስገባት ከዚህ በእጅጉ ይከብዳል። ሆኖም ማስጠንቀቂያው በቂ ነበር። ሁለተኛው የቢትቶረንት ትውልድ ሻ-256ን ይጠቀማል፤ ኪውቢትቶረንት የቆመበት ሊብቶረንት የተባለ የኮድ ስብስብ በ2020፣ ፕሮግራሙ ራሱ በ2022 በወጣው 4.4 እትሙ ተቀብሎታል። ሌላም በረከት አለው፤ አሻራው 16 ኪሎባይት ድረስ ስለሚወርድ የተበላሸውን የላከው ተጋሪ ማን እንደሆነ በትክክል ይለያል። በቀድሞው ግን አንዱን ቁራጭ ብዙ ሰው አዋጥቶ ስለሚልከው ጥፋተኛውን መለየት ግምት ነበር። አዲሱ ትውልድ እስከ ዛሬ የሚገባውን ያህል አልተስፋፋም፤ ምክንያቱ ስንፍና ይመስለኛል።

ሰዎች የሚሳሳቱት ግን ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። አሻራው የሚያረጋግጠው ቶረንቱን የሠራው ሰው ያዘጋጀው ፋይል ሳይነካ መድረሱን ብቻ ነው። ሠሪው ቫይረስ ካዘጋጀ ቫይረሱ አንድ ባይት ሳይጎድልበት በክብር ይደርሳል። ሙሉነትና ደግነት ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ ማውረድ ከመጀመሬ በፊት ፕሮግራሙ የሚያሳየኝን የይዘት ዝርዝር አነባለሁ። ይህ መስኮት ጥሩ ሆኖ ተሠርቷል፤ እያንዳንዱን ፋይል ከነመጠኑና ከነሙሉ ቅጥያው ያሳያል። ዊንዶውስ እንደ ነባሪ የሚታወቁ የፋይል ቅጥያዎችን ይሸሽጋል፤ ይህ መስኮት ግን አይሸሽግም። ቪዲዮ ነው በተባለ ቶረንት ውስጥ መጨረሻው ‹‹ኤስሲአር›› ወይም ‹‹ኤልኤንኬ›› የሆነ ፋይል ካየሁ ጉዳዩ አልቋል። አንደኛው የማያ ገጽ ማስዋቢያ መስሎ የሚሮጥ ፕሮግራም ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ትእዛዝ የሚያስነሣ አቋራጭ። የይለፍ ቃል የተቆለፈበት የታመቀ ፋይልና አጠገቡ ‹‹የይለፍ ቃሉን ለማግኘት ይህን ገጽ ይጎብኙ›› የሚል የጽሑፍ ፋይል ከታየም ያው ነው። ፕሮግራሙ እንዳይወርዱ የምንፈልጋቸውን የፋይል ስሞች አስቀድሞ መመዝገቢያ ቦታ አለው፤ እኔ እነዚህን ቅጥያዎች እዚያ አስገብቼ ተገላገልኩ። ለቤተሰብ ኮምፒውተር የምመክረው የመጀመሪያ ቅንብር ይህ ነው።

አሁን የፕሮግራሙ የራሱ ጥፋት ላይ ደረስን፤ በዚህ ላይ አልራራለትም። በጥቅምት 2024 የወጣው 5.0.1 እትም አንድ ማስተካከያ ይዞ መጣ፦ ከእንግዲህ ፕሮግራሙ ከድረ ገጾች መረጃ ሲያወርድ የደኅንነት ሰርተፊኬት ስህተትን ችላ አይልም። ከእንግዲህ! ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ፣ 14 ዓመት ሙሉ፣ ፕሮግራሙ የሚያነጋግረው ገጽ እውነተኛው ይሁን አስመሳይ ሳያጣራ ያገኘውን ሰርተፊኬት ሁሉ ይቀበል ነበር። ነገሩን ያጋለጠው ሻርፕ ሴኪዩሪቲ የተባለ ቡድን ያወጣውን ዝርዝር ሳነብ ያሳዘነኝ የዊንዶውሱ ነው። የፍለጋ ገጹን ስትከፍቱ ለፍለጋው የሚያስፈልገው ፓይተን የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ከሌላችሁ ፕሮግራሙ ላውርድላችሁ ይላል፤ እሺ ካላችሁት ከተወሰነ አድራሻ የመጫኛ ፋይል አምጥቶ ያስነሣል። በመካከል ሆኖ ትራፊኩን የሚቆጣጠር ሰው፣ ለምሳሌ የሕዝብ ዋይፋይ ባለቤት፣ በዚያ መጫኛ ቦታ የራሱን ፕሮግራም ሊያቀብላችሁ ይችል ነበር። የአዲስ እትም ማጣሪያውም፣ የዜና መከታተያውም በዚሁ በር ነበር የሚያልፉት። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ብዙ ዓይን ያየዋል የሚለውን ክርክር እወደዋለሁ፤ 14 ዓመት ግን ረጅም ጊዜ ነው።

ሌላው ጥፋት የርቀት መቆጣጠሪያ ገጹ ነው። ፕሮግራሙን ከሌላ ኮምፒውተር በአሳሽ ለማዘዝ ያስችላል፤ ማያ ገጽ በሌለው ሰርቨር ላይ ለሚያስኬደው ሰው የግድ ነው። ገጹ ለዓመታት የሚከፈተው ‹‹አድሚን›› በሚል ስምና ‹‹አድሚንአድሚን›› በሚል የይለፍ ቃል ነበር፤ ቀይረው ብሎም አያስገድድም። በዚያው ገጽ ላይ ፋይል ወርዶ ሲያልቅ ሌላ ፕሮግራም እንዲነሣ ማዘዣ አለ። ሁለቱን ደምሩ፤ ገጹን ለኢንተርኔት ክፍት አድርጎ የተወ ሰው ኮምፒውተሩን ለማንም አላፊ አግዳሚ ትእዛዝ አስረክቧል። በመጋቢት 2023 በዚህ መንገድ ጥቃት መፈጸሙ ተዘግቧል። ከ4.6.1 እትም ወዲህ ፕሮግራሙ ሲነሣ በዘፈቀደ የተመረጠ ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ዘግይቶም ቢሆን ተስተካክሏል። ይህን ገጽ ለማያስፈልገው ሰው ግን የተሻለው አለመክፈት ነው።

ሌሎቹም ንጹሕ አይደሉም። በመጋቢት 2016 ትራንስሚሽን የተባለው ተወዳጅ ፕሮግራም የራሱ ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ የማክ ተጠቃሚዎች ከትክክለኛው ቦታ ያወረዱት 2.90 እትም ኬሬንጀር የተባለ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ይዞባቸው መጣ። በአፕል የታወቀ ሕጋዊ የአዘጋጅ ፊርማ ነበረበት፤ ሦስት ቀን አድፍጦ ይቆይና ፋይሎችን ቆልፎ አንድ ቢትኮይን፣ በዚያን ጊዜ 400 ዶላር ገደማ፣ ይጠይቃል። በነሐሴ ወር ያው ገጽ እንደገና ተሰብሮ ኪድናፕ የተባለ ሌላ ጎጂ ፕሮግራም ተራገፈበት። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ የጉግሉ ታቪስ ኦርማንዲ በትራንስሚሽንም በዩቶረንትም ላይ ተመሳሳይ ቀዳዳ አገኘ። ተጠቃሚው በአሳሹ አንድ ተንኮለኛ ገጽ ይከፍታል፤ ገጹ የራሱን ስም ወደ ተጠቃሚው ኮምፒውተር አድራሻ እንዲጠቁም ያደርገዋል፤ አሳሹም ገጹ ከራሱ ጋር የሚነጋገር መስሎት በውስጥ ለሚሮጠው የቶረንት ፕሮግራም ትእዛዙን ያደርስለታል። በዩቶረንት ላይ ይህ ዊንዶውስ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ፋይል እስከማስቀመጥ ያደርስ ነበር። ኪውቢትቶረንት የመቆጣጠሪያ ገጹ የሚጠራበትን ስም የሚያጣራ ቅንብር ስላለው፣ በዚህ ረገድ ከእነርሱ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ለቢትቶረንት አንድ ነገር ልመስክርለት። የቀድሞዎቹ የፋይል መጋሪያ ፕሮግራሞች አንድ ማኅደር ሙሉ ለኔትወርኩ ይከፍቱ ነበር፤ በስህተት የሰነዶቹን ማኅደር የመረጠ ሰው የግብር ወረቀቱን ለዓለም በትኗል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2010 ወደ 100 ለሚጠጉ ድርጅቶች የሠራተኞቻችሁና የደንበኞቻችሁ መረጃ በእነዚህ ኔትወርኮች ላይ ይገኛል ብሎ ጽፎላቸዋል። ጃፓን ውስጥ ዊኒ በተባለው ፕሮግራም የሚሠራጭ አንቲኒ የተሰኘ ቫይረስ የፖሊስና የመከላከያ ሰነዶችን አሾልኮ፣ በ2006 የካቢኔው ዋና ጸሐፊ የነበሩት ሺንዞ አቤ ሕዝቡ ዊኒን እንዳይጠቀም እስከ መለመን ደርሰዋል። በኪውቢትቶረንት የሚጋራው እናንተ ያስገባችሁት ቶረንት ብቻ ነው። ራሳችሁ ቶረንት ስትሠሩ ግን የማኅደሩን ይዘት አንድ በአንድ እዩ።

ያለ ትራከር፣ ማለትም ተጋሪዎችን የሚያስተዋውቅ ማእከላዊ ሰርቨር ሳይኖር፣ ተጋሪ የሚያገናኘው ዲኤችቲ የተባለው ማውጫም የራሱ ቀዳዳ አለው። አንድ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ ሐሰተኛ ማንነቶችን ፈጥሮ የማውጫውን አንድ ማእዘን ሊቆጣጠር፣ ማን ምን እንደሚፈልግም ሊያዳምጥ ይችላል። ተራ ተጠቃሚ በዚህ ላይ ሊያደርግ የሚችለው ብዙ ነገር ስለሌለ አላረዝመውም።

አድራሻውን መሸሸግ የሚፈልግ ሰው ቪፒኤን፣ ማለትም ትራፊኩን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት፣ ይጠቀማል። ቪፒኤኑ ለአፍታ ቢቋረጥ ግን ኮምፒውተሩ ወደ ተራው መስመር ይመለስና ፕሮግራሙ ማውረዱን ይቀጥላል፤ እውነተኛው አድራሻም በዚያች አፍታ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል። ኪውቢትቶረንት ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የላቀ መፍትሔ አለው፦ ፕሮግራሙን በአንድ የኔትወርክ በይነ ገጽ (ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ በሚገናኝበት በር) ላይ ማሰር። የቪፒኤኑን በይነ ገጽ ከዝርዝሩ መርጣችሁ ፕሮግራሙን ዝጉና ክፈቱ። ከዚያ አንድ የሊኑክስ መጫኛ በማውረድ ላይ እያለ ቪፒኤኑን አጥፉት። ፍጥነቱ ወዲያው ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የተጋሪዎቹም ዝርዝር ባዶ ይሆናል፤ የተቀረው ኢንተርኔት ግን እየሠራ ነው። ቪፒኤኑ ሲመለስ ማውረዱም ይመለሳል። ይህን ሙከራ ሳላደርግ ማንም ሰው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን አልተውም።

ይህን የመሰለ ቅንብር ያለበት ቦታ ግን ያናድዳል። ከመጀመሪያው የግንኙነት ገጽ ላይ የለም፤ ለባለሙያ በተባለው የመጨረሻ ገጽ፣ ስማቸው ለብዙ ሰው ግራ በሆነ ረጅም የአማራጮች ሰንጠረዥ መካከል ተቀብሯል። የባሰው ደግሞ የታሰረበት በይነ ገጽ ሲጠፋ፣ ወይም የቪፒኤኑ ፕሮግራም ሲታደስ የበይነ ገጹ ስም ሲለወጥ፣ ኪውቢትቶረንት ምክንያቱን በግልጽ አይናገርም። ፋይሉ አጠገብ ቆሟል ይላል፤ ከታች ያለችው ትንሽ ምልክት ግንኙነት የለም ብላ ቀለሟን ትቀይራለች፤ በቃ። ‹‹የታሰርኩበት በይነ ገጽ ስለሌለ አቁሜያለሁ›› የሚል አንድ መስመር ዋናው መስኮት ላይ ቢጻፍ ኖሮ፣ ተበላሸ ብሎ ተናዶ ይህን ቅንብር የሚያጠፋው ሰው ቁጥር በብዙ ይቀንስ ነበር።